ሳሙኤል፣ የሰልሃ ልጅ

ሰፈሩ ሁሉ ባሂያ ያን ጊዜ አብዳ ነበር ይላል። ይበል፣ የሰው አፍ ማን ይከለክላል! እኔ ግን ከእሷ ጋር አንድ ግቢ ውስጥ፣ አንድ ግድግዳ ተጋርቼ የኖርኩ ሰው ነኝ። ገበያ ገብታችሁ ፋርሃ ወይራ ሻጯ ብላችሁ ብትጠይቁ ያሳዩአችኋል። እና አላበደችም እላለሁ። ነገሩን ቆርጠው እየቀጠሉ ሲያወሩት መስማት ስለሰለቸኝ ከሥሩ ልናገረው።

ባሂያና ባሏ ራህሞ ወደ ግቢያችን ሲገቡ ሳሙኤል ገና በጡጦ የሚያድግ ሕፃን ነበር። ኢየሩሳሌም ያኔ እንቁላል እንኳ በኩፖን የሚታደልባት ከተማ ናት። እኛም እነሱም የአሌፖ ሰዎች ስለሆንን ቶሎ ተግባባን። ራህሞ ዝምተኛ ሰው ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና፤ የልጁን ጢም ሳያይ ሞተ። ባሂያ ግን ዝምታ የሚባል አታውቅም። በተለይ የልጁ ስም ከተነሳ አለቀላችሁ።

"ፋርሃ፣ ሳሙኤል ማለት ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ?" ትለኛለች፣ ደጃፏ ላይ ተቀምጠን ዝኩኒ እየፈለፈልን።

"ኧረ ስንቴ ትነግሪኛለሽ!"

"ሐና መካን ነበረች። ጣውንቷ እየሰደበቻት እህል አልወርድ አላት። ከመቅደሱ ገብታ፣ ከንፈሯ ብቻ እየተንቀሳቀሰ ስታለቅስ፣ ካህኑ ሰክራለች ብሎ ተቆጣት። አይ ወንድ! እግዚአብሔር ግን ሰማት። ስትወልድ፣ ለምኜ ያገኘሁት ነው ብላ ሳሙኤል አለችው። እኔም ለምኜ ነው ያገኘሁት። ጉልበቴ እስኪላጥ ለምኜ።"

እዚህ ላይ ታቆማለች። ሁልጊዜ እዚህ ላይ።

በአዲስ ዓመት የመጀመሪያው ቀን ምኩራብ ውስጥ የሐና ታሪክ በዜማ ይነበባል። እኛ ሴቶቹ ከላይ ሰገነቱ ላይ ሆነን እንሰማለን። ሐና ስታለቅስ ባሂያም ታለቅሳለች፤ ሐና ስትወልድ ባሂያ ፊቷ ይበራል። ሐና ልጁን ጡት አስጥላ፣ ለእግዚአብሔር ልትሰጠው እጁን ይዛ ወደ ሴሎ መንገድ ስትጀምር ግን ባሂያ ሻርፗን ሰብስባ ትነሳለች። "ሙቀቱ አልቻልኩትም" ትላለች። ወርዳ ግቢው ውስጥ ካለችው የሮማን ዛፍ ሥር ትቆማለች። ንባቡ ሲያልቅ ትመለሳለች።

ምክንያቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። የማውቀውም በሹራብ ምክንያት ነው።

በየዓመቱ፣ የዳስ በዓል ሲቃረብ፣ ዛኪ የሚባል የጥብርያዶስ አውቶቡስ ሹፌር ሱቄ ደጃፍ ላይ አንድ ጥቅል ያስቀምጣል። "ለባሂያ" ይላል፣ ወይራ በነፃ ቀምሶ ይሄዳል። ጥቅሉ ውስጥ ሹራብ አለ፣ በእጅ የተሠራ፣ ሥራው ዓይን የሚያፈዝ። አንዴ ባሂያ ፊቴ ስትፈታው፣ "ውይ ሲያምር! በይ አልብሺውና እንየው" ብላት ፊቷ ዐመድ መሰለ። ከዚያ ሁሉንም ነገረችኝ።

አገሩ እንደገቡ ጥብርያዶስ አጠገብ ድንኳን ሰፈር ውስጥ ነበር የተጣሉት። ጎረቤታቸው ሰልሃ የምትባል የአሌፖ ሴት ነበረች። ሰልሃ አራት ልጆች አሏት፣ አምስተኛውን አርግዛ ባሏ ሞተባት። በዚያ ክረምት ዝናቡ ድንኳኑን እየበሳ ይገባል። ሕፃኑ ተወልዶ በተገረዘ ቀን ስም አውጪ ሲሏት፣ ሰልሃ "ሳሙኤል" አለች። ሰው ግራ ገባው። አራት ልጅ ያላት ሴት ምን ብላ ለመነች? እሷ ግን መለመኑን አላሰበችም፤ መስጠቱን ነው ያሰበችው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ልጁ በሳል ሲታፈን፣ ጠቅልላ ወደ ባሂያ ድንኳን ይዛው መጣች። "አንቺ ለምነሻል፣ እኔ ልስጥ" አለቻት። "እንዳይነገረው። ልጄ ሁለት ቦታ ተሰንጥቆ እንዳያድግ።" ባሂያና ራህሞም በዚያው ሳምንት ወደ ኢየሩሳሌም መጡ። ወረቀት ማን ይጠይቅ ነበር ያኔ!

ሰልሃ ቃሏን ጠበቀች። አንድም ቀን አልመጣችም። ሹራብ ብቻ ትልካለች። አባቷ የልጆች መምህር ስለነበር መጽሐፉን ታውቀዋለች፤ ከዚያው ታሪክ ወረድ ብሎ፣ በበዓሉ የማይነበበው ቦታ ላይ፣ ሐና ለሰጠችው ልጅ በየዓመቱ ትንሽ ቀሚስ እየሠራች ትወስድለት እንደነበር ተጽፏል።

"ታዲያ ለምን አታለብሺውም?" አልኳት።

"እዪው እስቲ!" አለች ባሂያ ሹራቡን ወደ ላይ አንጠልጥላ። "እጅጌው ጉልበቱ ላይ ይደርሳል። ልኩን እንኳ አታውቅም! ልኩን የማታውቅ እናት ትባላለች?" ሳቀች፣ ሳቁ ግን የሳቅ አልነበረም። "ከለበሰው ትገባበታለች፣ ፋርሃ። በእጅጌው ትገባና ትወስድብኛለች።"

መጣልም አልሆነላትም። አልጋዋ ሥር ባለ ሣጥን ውስጥ፣ ብል እንዳይበላው ካምፎር በትና፣ በየዓመቱ አንድ እየጨመረች ታስቀምጣለች። እኔም የሰው ቤት ነገር ብዬ አፌን ዘጋሁ።

ሳሙኤል አደገ። ጥሩ ልጅ ወጣው፣ የድንጋይ ጠራቢ። ከሥራ ሲመለስ ቅንድቡ ሁሉ ነጭ ሆኖ፣ "አክስቴ ፋርሃ፣ ሸምግዬ መጣሁ፣ አግቢኝ" ይለኛል። "ሂድ ታጠብ፣ አንተ ቀበጥ!" እለዋለሁ። እናቱን ደግሞ ከወገቧ ይዞ ወለሉ ላይ ሲያሽከረክራት ጩኸቷ ገበያ ይሰማል።

ባሂያ አበደች በሚሉበት ዓመት፣ ክረምት ላይ ሆዱን ታመመ። ድንጋይ ሲያነሳ ጅማቱ የተሳበ መስሎት ቻለው፤ ትርፍ አንጀቱ ነበር ለካ። ሆስፒታል ሲደርስ ፈንድቶ መርዙ በሆዱ ተሰራጭቷል። ቀደዱት፣ አጠቡት፣ ትኩሳቱ ግን አልበርድ አለ። ሰው አይለይም። ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ፣ ያ ግንድ የመሰለ ልጅ አልጋው ውስጥ ጠፋ።

በእኛ ዘንድ ሕመምተኛ በእናቱ ስም ተጠርቶ ነው የሚጸለይለት። አባት አይጠራም። ሃካም ሹዓ፣ የምኩራባችን መምህር፣ በሰንበቱ ኦሪት ሲነበብ "ሳሙኤል፣ የባሂያ ልጅ" ብሎ ጸለየ። በማግስቱ ብሶበት አደረ። በቀጣዩ ሰንበት ደገመው። ልጁ ጭራሽ ዓይኑን መግለጥ ተወ።

ያኔ ሃካም ሹዓ ሆስፒታል ድረስ መጥቶ ባሂያን ኮሪደሩ ላይ አስቀመጣት። እኔም ሾርባ ይዤ ነበርኩ።

"ልጄ፣ ስም እንጨምርለት" አላት። "ሩፋኤል እንበለው፣ እግዚአብሔር ይፈውሳል ማለት ነው። ወይም ሕዝቅያስ። ንጉሡ ታሞ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ሲያለቅስ ዕድሜ ተጨምሮለታል። የተፈረደበት በድሮው ስሙ ከሆነ፣ በአዲሱ ያመልጥ ይሆናል።"

"ስሙን እንዳትነኩብኝ!" አለች። "ስሙ ምን ጎደለው?"

ሃካም ደነገጠ። እሷ ግን የራሷ ቃል ጆሮዋ ውስጥ ቀረ መሰለኝ፣ ግድግዳውን እያየች ለራሷ ደገመችው። ከዚያ ቀስ ብላ፣ "ሃካም፣ ስለ ማን ነው የምትጸልዩት?" አለችው።

"ስለ ሳሙኤል ነዋ። ስለ ባሂያ ልጅ።"

"እንደዚያ የሚባል ሰው የለም" አለች።

እኔ የሾርባውን ክዳን ጣልኩት። እጇን ያዝኳት፣ "ባሂያ፣ ተይ" አልኳት፣ አልሰማችኝም። ድንኳኑን፣ ሰልሃን፣ ሁሉንም ነገረችው። "ስሙ አይደለም የተሳሳተው፣ ቀጥሎ ያለው ነው። ሰማይ ቤት የባሂያን ልጅ ሲፈልጉ የለም፣ የለም እያሉ ነው። ልጄ እዚህ እየነደደ ጸሎታችሁ ሜዳ ላይ ይንከራተታል።"

ሃካም ሹዓ ጢሙን አሻሸ። ደግ ሽማግሌ ነው፣ እውነቱን ለመናገር። "ስሚኝ" አላት። "ያሳደገ እንደ ወለደ ነው። ሙሴን የፈርዖን ልጅ ከውሃ አውጥታ አሳደገችው። እግዚአብሔር ራሱ እስከ መጨረሻው የጠራው እሷ ባወጣችለት ስም ነው።"

"የሙሴ ትርፍ አንጀት አልፈነዳም" አለች ባሂያ።

ሃካም ሊስቅ ቃጣውና ተወው። "መልካም። የሰልሃ ልጅ ብዬ እጸልያለሁ። ግን ሕዝብ ይሰማል፣ እሱም አንድ ቀን ይሰማል። አስበሽበታል?"

"ካልኩ ልጄን አጣለሁ" አለች። "ካላልኩም አጣዋለሁ። በሕይወት ኖሮ ልጣው።"

ይኼን ስትል ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። እኔ ነኝ ሽንት ቤት ገብቼ ያለቀስኩት። ይኼን ያለችውን ሴት ነው እንግዲህ አብዳለች የሚሉት!

ሰንበት ደረሰ። ሰገነቱ ላይ ከፊት ተቀመጥን። ባሂያ የእንጨት አጥሩን ጨብጣ ወደ ታች ታያለች። ኦሪቱ ተዘረጋ፣ ሃካም ሹዓ የሕመምተኞችን ጸሎት ጀመረ። የሁሉም ስም ተጠራ። ከዚያ ቀና ብሎ ወደ እኛ አየ። አየና አሳዘነችው፤ ሰው ነው፣ አሳዘነችው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ሳሙኤል፣ የባሂያ ልጅ" አለ። የሰልሃን ስም በልቡ ሊለው አስቦ ነው፣ ኋላ ነግሮኛል።

ባሂያ ብድግ አለች።

"አይደለም!" አለች። ያ ሁሉ ወንድ አንገቱን ወደ ላይ ቀለሰ። ሴት ከሰገነት ስትጮህ ተሰምቶ አይታወቅም። "ሃካም! የሰልሃ ልጅ በሉ!"

 ከኋላችን አንዷ "ኧረ ጉድ፣ ምን ሆነች?" አለች፣ በክርኔ አቀመስኳት።

"የሰልሃ ልጅ በሉ እንጂ! እኔ አልወለድኩትም! እኔ አልወለድኩትም፣ በሉ፣ ልጄ እየሞተ ነው!"

ሃካም ሹዓ ዓይኑን ጨፈነ። "ሳሙኤል፣ የሰልሃ ልጅ" አለ፣ ጮክ ብሎ። አሜን የሚል ሰው እንኳ ቶሎ አልተገኘም። መጀመሪያ አሜን ያለችው ባሂያ ናት።

በዚያ ሳምንት ትኩሳቱ ወረደ። ሐኪሙ አዲሱ መድኃኒት ሠራ አለ። ባሂያ ስሙ ደረሰ አለች። እኔ ምን አውቄ፣ የወይራ ሻጭ ነኝ። ብቻ ልጁ ዓይኑን ገለጠ፣ እልል ብለን አለቀስን።

ከሁሉ ቀድማ ራሷ ልትነግረው ነበር ሐሳቧ። የምኩራቡ አገልጋይ ሻብታይ ቀደማት። ያ ገልቱ፣ መልካም መሥራቱ መስሎት፣ አልጋው አጠገብ ቆሞ መዝሙረ ዳዊት ሲደግም "ሳሙኤል የሰልሃ ልጅ" እያለ ይጠራዋል። ባሂያ ውሃ ቀድታ ስትመለስ ልጁ ዓይኑን ተክሎባት ጠበቃት።

"እማ፣ ሰልሃ ማናት?"

ነገረችው። እጁን ይዛ፣ ያለ ማቋረጥ። ስትጨርስ ሳሙኤል ኮርኒሱን ብዙ አየና፣ "እና አሁን እማ አልበልሽ ነው?" አላት። እሷ ዕንባዋን በሻርፗ ጠረገች። "ነይ፣ አታልቅሺ፤ ታስቂኝና ቁስሌ ይፈታል ኋላ" አለና ጭንቅላቷን ደረቱ ላይ አስተኛት። እኔ በሩ ላይ ቆሜ፣ አበቃ፣ ተመስገን፣ ተረፍን አልኩ።

እዚያ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት! ቤት ገብቶ፣ ሥጋው መመለስ ሲጀምር፣ ባሂያ ሣጥኑን ከአልጋ ሥር ስትጎትት አገኘኋት።

"ምን ልታደርጊ ነው?"

"ላሳየው።"

"አንቺ ሴትዮ፣ ጤና የለሽም? ይቅር ብሎሻል እኮ! ተይው ይኼን።"

"ግማሹን ነግሬ ግማሹን ልደብቅ?" አለችኝ። "ታሪኩን ሁሉ በግማሽ ሳወራ ኖርኩ፣ ፋርሃ። ደከመኝ።"

አወጣችለት። እሱ አንድ በአንድ እየተቀበለ አልጋው ላይ ደረደራቸው፤ መዳፍ ከምታህለው ጀምሮ ለጎረምሳ እስከሚሆነው። አንዱም አልተለበሰም። ክፍሉ ካምፎር ካምፎር ሸተተ። ሳሙኤል አንዱን ሰማያዊ አንስቶ ደረቱ ላይ ለካው። ለልጅ የተሠራ ነው።

"በረዶ የጣለ ጊዜ" አለ። "ትምህርት ቤት የአባዬን ኮት በገመድ አስረሽልኝ፣ ውስጡን ጋዜጣ ጠቅጥቀሽልኝ የሄድኩ ጊዜ። ልጆቹ ጋዜጣ አንብብልን እያሉ ሲስቁብኝ። ይኼ እዚህ ነበር?"

ባሂያ ባዶውን ሣጥን ዘጋችው።

"እማ። እዚህ ነበር?"

"ነበር" አለች።

"ያልወለድሽኝ ምንም አይደለም" አለ። "ይኼ ግን... በርዶኝ ነበር እኮ። አጠገብሽ ቆሜ በርዶኝ ነበር።"

ከዚያ በኋላ ክፉ ቃል አልተናገራትም። ቢናገራት ይሻል ነበር። ፋሲካን ከእኛ ጋር አሳለፈ፣ ማዕዱ ላይ ሳይስቅ ሳይጫወት ተቀመጠ። በዓሉ ሲወጣ ሹራቦቹን በሻንጣ ሞልቶ ጥብርያዶስ ሄደ። እዚያ ሥራ አገኘ ተባለ። ሰልሃ ደጃፏ ላይ ስታየው ስሙን ሳይነግራት "ሳሙኤል" ብላ ወደቀች ተባለ። ለባሂያ ግን አንድ ቃል አልጻፈም። ተናድጄበታለሁ፣ አሁንም እናደዳለሁ! ሆዷን አልሰጠችውም እንጂ ሌላ ምን ያልሰጠችው አለ?

ባሂያ በዚያ በጋ ክር ገዛች። ሹራብ መሥራት አታውቅም፣ መርፌውን እንደ ማንኪያ ነው የምትይዘው። የጀመረችውን እየፈታች፣ እየጀመረች ከረመች።

"በጥብርያዶስ ሙቀት ሹራብ ማን ይለብሳል?" አልኳት።

"ይልበሰው አላልኩም" አለች። "ይድረሰው።"

አዲስ ዓመት ሆነ። የሐና ታሪክ ተጀመረ። ሐና አለቀሰች፣ ሐና ወለደች። የልጁን እጅ ይዛ ወደ ሴሎ ስትነሳ እኔ ልማድ ሆኖብኝ ጉልበቴን ሰብስቤ ለባሂያ መንገድ ለቀቅሁ። አልተነሳችም። ሻርፗን ጭኗ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማች። ሐና ስለዚህ ልጅ ለምኜ ነበር፣ አሁን ሰጠሁት የምትለው ቦታ ላይ የባሂያ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅዋ አይሰማም።

የዳስ በዓል ሲቃረብ ባሂያ እንደ ምንም የጨረሰችውን ሹራብ ጠቅልዬ ለዛኪ ሰጠሁት። ወይራም ጨመርኩለት። በቀጣዩ ጉዞው ሲመለስ ባሂያ ሱቄ ውስጥ ተቀምጣ ስትጠብቀው ነበር።

"ሰጠኸው?"

"በእጁ" አለ ዛኪ።

"ምን አለ?"

"ምንም አላለም፣ እመቤቴ። ፈታው። አየው። ከዚያ ለበሰው። በዚያ እሳት በመሰለ ፀሐይ ለብሶት እስከ አውቶቡሱ ድረስ ሸኘኝ። ላቡ በጆሮ ግንዱ ይወርዳል፣ አውልቀው እንጂ ስለው አላወለቀም።"

እኔ "እሰይ!" ብዬ አጨበጨብኩ። ባሂያ ግን አልተንቀሳቀሰችም።

"እጅጌው ደረሰው?" አለች።

ዛኪ ራሱን አከከ። "እውነቱን ልንገርሽ? አጥሮታል። እዚህ ድረስ ነው" ብሎ ከእጅ አንጓው ከፍ አድርጎ አሳያት።

ባሂያ እዚያው ቦታ ላይ የራሷን ክንድ ያዘች። ያዘችና አለቀቀችም። ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ያላለቀሰችውን፣ ሣጥኑን ስታወጣ ያላለቀሰችውን፣ በወይራ በርሜሎቼ መካከል ቁጭ ብላ አለቀሰችው።

"ልኩን አላውቀውም" አለች። "ፋርሃ፣ የልጄን ልክ አላውቀውም።"